ጉድጓድ ውስጥ የቀረው እንቁላል

ልጆቼ ስልካቸው ላይ ተደፍተው «እማዬ፣ ክፍል ሁለቱ ወጣ እኮ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ምክንያቱን ስለማያውቁ ይስቁብኛል። ሌላዋ ሴት የምትዳረው ዘር ተጠያይቆ፣ ሽማግሌ ተመላልሶ፣ የሁለቱ ቤት ጠባይ ተመዝኖ ነው። እኔ የተዳርኩት በጭራቅ እንቁላል ምክንያት ነው። ጭራቁም ቢሆን ደህና ጭራቅ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ነገሌ ነው። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ባጃጅ ገና ከተማችንን አልረገጠም፤ መብራት ደግሞ ደስ ሲለው ብቻ ይመጣል። ቤታችን ከገበያው በታች ነበር። ጎረቤታችን ግቢውን በቆርቆሮ አጠረና በላዩ ሸራ ወጥሮ ቪዲዮ ቤት ከፈተ። ቪዲዮ ቤት ማለት አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስል ጄኔሬተር፣ የባሕር ዛፍ አግዳሚና ብዙ የእግር ሽታ ነው። የእሱ ቆርቆሮ የእኛ ጓሮ አጥር ነበር። እኔ ጓሮ ልብስ አጥባለሁ፤ ከቆርቆሮው ወዲያ ሰው ይገደላል። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ገባች ከተባለ ስሟ አለቀ ማለት ስለነበር አንድም ፊልም በዓይኔ አይቼ አላውቅም። በጆሮዬ ግን ያልጨረስኩት የለም።

እንዲያውም የሰማሁት ፊልሙን አልነበረም፣ ተርጓሚውን ነው። ተርጓሚው ማይክራፎን ይዞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይምጣ፣ በህንድኛ ይምጣ፣ በቻይንኛ ይምጣ፣ እሱ በአማርኛ ይለዋል፤ ከገጠር የመጡ ካሉ በኦሮምኛ ይደግመዋል። እንግሊዝኛው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነበር፤ ቻይንኛማ አይነሳ። ይህ ግን አንድም ቀን አፉን ይዞት አያውቅም። አባቱ ከሰሜን የመጡ ወታደር ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነውና የሰዉን ልብ ያውቃል። በእሱ ትርጉም ማንም ሰው ሰላምታ ሳይለዋወጥ አይገዳደልም። ሁለት ሰዎች ሽጉጥ ተማዝዘው ፊት ለፊት ሲቆሙ «አካም? ናጋ? ከብቱ ደህና ነው? በእናንተ በኩል ዝናቡ እንዴት ነው?» ይባባላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥይቱ የሚሰማው። ሳይጠያየቅ የተኮሰ ካለ ሰዉ «ይሄስ ያልተቀጣ ነው» ብሎ ፊልሙ እስኪያልቅ በጥላቻ ያየዋል።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ ወሬ ሲነገረው አፉን ዘግቶ አይሰማም። ተናጋሪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር «ኤዬ» የሚለው ሰው ይፈልጋል። እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። «ኤዬ» የቀረበት ሰው ወሬውን ጠቅልሎ ቢሄድ ይሻለዋል። እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ ሆኜ የፊልሙን ደህንነት የማውቀው በዚሁ ነበር። «ኤዬ»ው ሲደምቅ ሳሙናውን አስቀምጬ አዳምጣለሁ።

ታዲያ በዚያ ድምፅ ተያዝኩ። ምን ይደረግ። በመጀመሪያ ሳልወድ አዳመጥኩ፣ ቀጥሎ ልብሱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ማጠብ ጀመርኩ። እናቴ «ይሄ አንሶላ ምን በድሎሽ ነው?» አለችኝ። ካሴት በሚቀየርበት ጊዜ እኔና ተርጓሚው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ መነጋገር ጀመርን። እሱ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር «ከዚያ ወዲያ ይሰማል?» የሚል ነበር። «እዚህማ ሙታንም ይሰሙሃል» አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ከትርጉሙ ይበልጥ ነበር።

ችግሩ አባቴ ነው። አባቴ የከብት ደላላ ነበር፤ በነገሌ ገበያ እሱ ያላሻሻጠው በሬ ካለ ሳይወለድ የሞተ መሆን አለበት። በከብት ገበያ ሁለት ቋንቋ ይነገራል። አንዱ የአፍ ነው። በአፍህ የፈለግከውን ማለት ትችላለህ፤ ያረጀውን ወይፈን፣ ሰው የሚወጋውን ጨዋ ብትለው ማንም አይቀየምህም፤ ለከበበው ሰው የሚባል ነገር ነው። ሁለተኛው የእጅ ነው። ደላላው እጅህን ጋቢው ሥር ያስገባና ጣትህን እየጨበጠ ይነግርሃል፣ አንተም ጣቱን ጨብጠህ ትመልስለታለህ። እውነቱ የሚነገረው እዚያ ነው። በአፉ የሚዋሽ ደላላ ጎበዝ ይባላል፤ ከጋቢ ሥር የዋሸ ግን ዳግመኛ እጁን የሚሰጠው አያገኝም። ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማታሉ፤ አለቀ ማለት ነው።

ተርጓሚው ሽማግሌዎች ሲልክብኝ አባቴ በወተት ተቀበላቸው፣ በደንብ አዳመጣቸው፣ ከዚያ እንዲህ አላቸው፦ «ልጁን አልጠላሁትም። ግን ከአፉ በቀር ምን አለው? እኔ ራሴ የምበላው በአፌ ነው፣ የአፍ ነገር አይጠፋኝም። ልጄን ለአፍ አልሰጥም።» ሽማግሌዎቹ ወተታቸውን ጨርሰው ሄዱ። እኔ ጓሮ ሄጄ የታጠበውን አንሶላ ደግሜ አጠብኩ።

ይህ በሆነ በወሩ ገደማ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አባቴ ገበያ ውሎ ሲመለስ የጄኔሬተሩ ጩኸት አናደደውና ባለቤቱን ሊጣላ ቪዲዮ ቤት ገባ። ገና አፉን ሳይከፍት ዝናብ ጣለ። የእኛን አገር ዝናብ የሚያውቅ ያውቃል፤ ቀርቶ ቀርቶ ሲመጣ ሰው የቆመበትን አይለቅም። አባቴም አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። ፊልሙ የጭራቅ ነበር፣ ክፍል አንድ።

ያዩት ሰዎች እንደነገሩኝ ፊልሙ ውስጥ የነበረው ሐይቅ ነው። የሚበሉትም የውስጥ ልብስ ብቻ ለብሰው የሚዋኙ ፈረንጆች ናቸው። ተርጓሚያችን ግን አባቴ ሲገባ አየው፤ በአንዴ ሐይቁን ኤላ አደረገው። ኤላ ማለት የቦረና ሰው ተሰልፎ፣ እየዘፈነ፣ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ውሃ የሚያወጣበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው። እንግዲህ ድርቅ ገባ አለ፤ ከብቱ ሁሉ ወደ ኤላው መጣ አለ፤ ከሥር አንድ ቢኔንሳ ተነሳ፣ አውሬ ማለቱ ነው፣ መጀመሪያ የወሰደው ዳልቻዋን ላም ነው አለ። አንድ ሰው «ከብቱስ የታል?» ብሎ ጠየቀ። «ከብቱ ከኋላ ነው፣ ካሜራው አልደረሰለትም» አለ ሳይደነግጥ።

ከዚያ አንድ «ኤዬ» ሰማሁ። አወቅሁት። አባቴ ነው። በእኛ ቤት አባቴ ለማንም «ኤዬ» አይልም ነበር፤ ለእሱ ነው የሚባለው። ዳልቻዋ ላም ጮኸች፣ «ኤዬ»፤ የላሟ ባለቤት ገመድ ታጥቆ ወደ ጉድጓዱ ወረደ፣ «ኤዬ»፤ አውሬው በጨለማ ዓይኑ በራ፣ «ኤዬ፣ ኤዬ»። ዝናቡ አቁሞ ሳለ አባቴ አልወጣም። በመጨረሻ አውሬው ተገደለ፤ ሰዉ ተነሳ፤ ሊወጣ ሲል ተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቆዩ» አለ። «ከጉድጓዱ ሥር አንድ እንቁላል ቀርቷል። እየተንቀሳቀሰ ነው።» ፊልሙ እዚህ ላይ አለቀ።

አባቴ ያን ዕለት ራት አልበላም። «እንቁላሉን ትቶት እንዴት ይሄዳል?» አለ። እናቴ «ማን?» አለችው። «ያ ልጅ ነዋ» አላት።

ልብ በሉ፤ የዚህ ሁሉ መከራ ምንጭ ይቺ ናት። ፊልሙን የሠራው ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ መሆኑን አባቴ አጥቶት አይደለም። ግን ነገሩን የሰማው ከልጁ አፍ ነው። በእኛ አገር ነገር የጀመረ ሰው የነገሩ ባለቤት ነው። ከተማውም በሙሉ እንደ አባቴ አሰበ። ተርጓሚውን መንገድ ላይ ያገኘ ሁሉ «እንቁላሉን ምን አደረግከው?» ይለዋል፣ የራሱ ይመስል። ከብት ገበያ ላይ ክርክር ተነሳ። ዶሮ የሚያረቡት ሴቶች ታቅፎ ያልሞቀ እንቁላል አይፈለፈልም አሉ። ከገናሌ ወንዝ ዳር የመጣ አንድ ሰው አዞ እንቁላሉን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ እንደሚተወውና ፀሐይ እንደሚፈለፍለው በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ማለ። አባቴ የሁለቱንም ሰምቶ «ኤላ ውስጥ ፀሐይ አይገባም፣ ጉዳዩ ከባድ ነው» አለ። በዚያ ሰሞን የከተማው አንገብጋቢ ጉዳይ ውሃ ነበር፣ መንገድ ነበር፣ የሆስፒታሉ መድኃኒት ነበር። ስብሰባ ሲጠራ ግን ሰው የሚያወራው ስለ እንቁላል ነው።

ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ መጡ። አባቴ እንደ በፊቱ «የለም» አላለም። ጢሙን እየነካካ «ክፍል ሁለት ይምጣና እንነጋገራለን» አላቸው። ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። «የጀመረውን የማይጨርስ ሰው ልጅ አይሰጠውም። መጀመሪያ እንቁላሉን ይጨርስ» አለ። ይኸውላችሁ፤ ዕድሜዬ ለጋብቻ ደርሶ፣ መምህርነት ተምሬ፣ በቤታችን ሙያ አንደኛ ሆኜ፣ ዕጣዬ አንድ የማላውቀው ፈረንጅ በሠራው የርካሽ ፊልም እንቁላል ላይ ተንጠለጠለ።

ክፍል ሁለት መኖሩን ያረጋገጠልን አንድ ሾፌር ነበር፤ ሞያሌ ላይ ሽፋኑን አይቻለሁ አለ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ላከበት። እስኪመጣ ድረስ በሩ ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ «ክፍል ሁለት በቅርብ ቀን» ብሎ ጻፈ፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ደግሞ ይጽፈዋል። ካሴቱን የያዘው አይሱዙ መኪና መንገድ ላይ፣ ሜጋ ከተማ፣ ተበላሽቶ ቆመ ተባለ። ከሜጋ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ዘመድ ጤና ከመጠየቁ በፊት ስለ አይሱዙው ይጠየቅ ነበር። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አምላኬን ለምኜ አላውቅም እንደዚያ ሰሞን። ያውም ለመኪና እቃ።

ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት እንዲታይ ተወሰነ። አባቴ ማለዳ ተላጨ፣ ነጭ ጋቢውን ለበሰ፣ እናቴንና እኔን ጠርቶ «ተዘጋጁ፣ አብረን እንሄዳለን» አለ። እናቴ ቪዲዮ ቤት ልትሄድ ደነገጠች። «የልጃችን ጉዳይ ነው» አላት። እሷም እንደ ሠርግ ለበሰች። ስንገባ ሰዉ ተነስቶ የፊቱን አግዳሚ ለቀቀልን። አባቴ ተርጓሚውን አጠገቡ አስቀመጠው፤ ጋቢውን በሁለቱም ጉልበት ላይ ዘረጋ። ብርድ ስለሌለ ገረመኝ፣ ግን ያን ቀን ብዙ ነገር ገርሞኝ ስለነበር ተውኩት። እኔ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ሁሉ ነገር መልክ በዓይኔ ልመለከት ነው።

ልብ አድርጉ፣ እኔ አውሬውን በጆሮ ብቻ ነበር የማውቀው። በጭንቅላቴ የሠራሁት አውሬ ከኤላው አፍ ሲወጣ ግማሽ ሰማይ ይሸፍን ነበር። ፊልሙ ተጀመረ። ኤላ የለም፤ ሐይቅም የለም፤ ውሃ የሚባል ነገር የለም። ያለው መኪና የሚቆምበት ምድር ቤት ነው። የላሟ ባለቤት፣ ማለቴ ሰውየው፣ በሌላ ሰው ተተክቷል፤ የበፊቱ ወፍራም ነበር አሉ፣ ይሄኛው እንደ ሸምበቆ ቀጭን ነው። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ተርጓሚው በማይክራፎኑ «ድርቁ ጎድቶት ነው» አለ። «ኤዬ» አለ አባቴ፣ ቀዝቀዝ አድርጎ።

ከዚያ አውሬው መጣ። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ከት ብዬ ሳቅሁ። ኬሻ ነው። ፀጉር የተለጠፈበት ኬሻ። ሲዞር ጀርባው ላይ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ዚፕ አለው፣ ዚፑም በደንብ አልተዘጋም። ተርጓሚው «ቢኔንሳው ተቆጣ፣ ምድር ተናወጠች» ይላል። የተናወጠ ነገር የለም፤ የጣሪያው ሸራ ብቻ ነው በነፋስ የሚንቀሳቀሰው። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። ጥርስ ያያል፣ ሰኮና ያያል፣ አረማመድ ያያል። አንገቱን አስግጎ አውሬውን ከላይ እስከ ታች እንደ ገበያ በሬ ቃኘው። «እግሩ ጫማ ነው» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ሰዓት አስሯል» አለ። ሁላችንም ወደ ፊት አዘነበልን። እውነት ነው፤ አውሬው ግራ እጁ ላይ ሰዓት አስሯል። «የቀጠሮ ሰው ነው» አለ ከኋላ አንድ የጫት ነጋዴ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ አልሳቀም። ተርጓሚውም አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ሰዎች በስልክ ማውራት ጀመሩ። እንዴት ያለ ስልክ ነው እሱ። አንዱ ይዘጋል፣ አንዱ ይደውላል። አውሬ ለማልበስ ገንዘብ ያጡ ሰዎች ለስልክ ከየት እንዳገኙ አላውቅም። በመሃል ድንገት የክፍል አንዱ ሐይቅ ብቅ አለ፣ ውሃው ተናወጠ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ አሁን ተጀመረ ብሎ ደስ አለው። ለካ የድሮውን ነው ቆርጠው የለጠፉት። የትናንት ራት አሙቀው ለእንግዳ እንደማቅረብ ነው። ከሱ ሲመለሱ ያው ስልክ።

እኔ በዚህ ጊዜ ሁሉ የምጠብቀው የተርጓሚውን አፍ ነበር። ያ አፍ ሐይቁን ኤላ ያደረገ፣ ፈረንጁን ላም ያደረገ አፍ ነው። አሁን ስልኩን ገመድ ቢያደርገው፣ ምድር ቤቱን ጉድጓድ ቢያደርገው ማን ይከለክለዋል? ቀጥል፣ አልኩ በሆዴ። እንቁላሉን አምጣው፤ ከፈለግክ ከስልኩ ውስጥ አውጣው። እሱ ግን ዝም አለ። ማይክራፎኑ ክፍት ነው፣ ትንፋሹ ይሰማል። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ከበሩ በእጁ እየጠቆመ ተናገር፣ ተናገር ይለዋል። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገና «በስልክ እያወሩ ነው» አለ። «ስለ እንቁላሉ አላነሱም።»

ማንም «ኤዬ» አላለም። ጥቂት ቆየና «አሁንም እያወሩ ነው። ስለ እንቁላሉ አላነሱም» አለ። ደግሞ ቆየና «ሴትዮዋ ትርፍ ቁልፍ ጠፍቶባት ነው። ስለ እንቁላሉ አታውቅም» አለ። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ሄደ። መጨረሻ ላይ አውሬው በሊፍት ወጥቶ ሄደ፤ ጽሑፍ መጣ። «ይቀጥላል ይላል» አለና ማይክራፎኑን አስቀመጠ።

ሰዉ ጮኸ፣ አግዳሚ ተገለበጠ። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ጋቢውን አጣፋ፣ ወደ ቤት ሄደ። እናቴ የሠርግ ቀሚሷን ይዛ ተከተለችው። እኔ ልቤ ተሰበረ። ወደ ጓሮ ገብቼ የቆርቆሮውን ቀዳዳ ፈለግኩ፤ እሱም ወዲያኛው በኩል ቆሞ ነበር። የመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት። «ለህንዱ ትዋሻለህ፣ ለቻይናው ትዋሻለህ፣ ለፖሊሱ ለወንበዴው ትዋሻለህ፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ነው እውነት ያማረህ? አንዲት እንቁላል መዋሸት አቃተህ?»

«አባትሽ እጄን ይዘውት ነበር» አለ።

አልገባኝም። ከዚያ ጋቢው ትዝ አለኝ። ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ አባቴ የልጁን እጅ ጋቢ ሥር ይዞ ነበር። ልጁ በአፉ ለሰዉ እየተረጎመ ሳለ አባቴ ጣቱን እየጫነ ይጠይቀዋል፤ ደህና ነው? ሰኮናው ደህና ነው? ይኼ ነገር ይሸጣል? «በአፌማ መቀጠል እችል ነበር» አለኝ። «ግን ጣቴን ጨበጡና መልስ ጠበቁ። ከዚያ ሥር ምን ልበላቸው? ጣቴን ዘረጋሁላቸው። ምንም የለም አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በአፌ ሌላ ማለት አቃተኝ።»

የደላላ ልጅ ነኝ፣ ነገሩ ገባኝ። ግን ንዴቴ አልበረደም። «እንግዲያው እጅህን አግባ» ብዬው ገባሁ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ሦስተኛ መጡ፤ እንዲያው ለወጉ፣ ተስፋ ቆርጠው። አባቴ ወተቱን አስቀዳ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። «ያ ፊልም ሶባ ነው» ብሎ ጀመረ፣ ውሸት ነው ማለቱ ነው። «አውሬው በሽተኛ ነው፣ ቆዳው የራሱ አይደለም፣ ባለቤቶቹም ነጋዴ እንጂ ሰው አይደሉም። እኔ እንዲህ ያለ ከብት ገበያ ባወጣ ነገሌ ውስጥ አልኖርም ነበር።» ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ «ልጁ ግን» አለ፣ ወተቱን ጠጣ፣ ጢሙን ጠረገ። በደላላ ቤት ያደገ ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል፤ እኔ ግን የመጋረጃውን ጫፍ ጨበጥኩ። «ልጁ ግን እጁ ደህና ነው። ልጄ ያንተ ናት በሉት። እንቁላሉን ፈረንጆቹ ካልጨረሱት እሱ ይጨርስልኝ። ይኼ ይያዝበት።»

ተያዘበት። ተጋባን። ባሌ ቪዲዮ ቤቱን ትቶ መንግሥት ቤት ተቀጠረ፤ በቢሮ ስብሰባ ላይ የሚባለውን ለገበሬው በኦሮምኛ ይተረጉማል፤ በዚያ ሙያ ደግሞ ጭራቅ አይጠፋም። ወደ አባቴ ቤት በሄድን ቁጥር እሱ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «እንቁላሉስ?» ይላል። ባሌ «እየሞቀ ነው» ይለዋል። «ኤዬ» ይላል አባቴ፣ ረክቶ። ሌላ ጊዜ «ስንጥቅ አሳይቷል» ይለዋል። ሌላ ጊዜ «ኤላው ደርቆ ነበር፣ ዘንድሮ ውሃ ያዘ» ይለዋል። እኔ በዚህ ስበሳጭ ኖርኩ። ልጆች ተወለዱ፣ ባጃጅ መጣ፣ ዲሽ መጣ፣ ቪዲዮ ቤቱ መጋዘን ሆነ። ሁለቱ ሰዎች አሁንም እንቁላል ታቅፈው ተቀምጠዋል። «ጨርስለትና እንረፍ» እለዋለሁ። «ከጨረስኩት ምን ይጠይቁኛል?» ይለኛል።

አባቴ ታሞ በተኛበት ጊዜ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ድምፁም ተዳክሞ ነበር። አንድ ከሰዓት ዘመድ ቤቱን ሞልቶታል፤ ከቡሌ ሆራ ከሜጋ ሁሉ የመጣ አለ። ባሌ ገብቶ ራስጌው ተቀመጠ። አባቴ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሌላው አልሰማውም፣ እኔ ግን ሰማሁ። «እንቁላሉስ?» አለ። እጁ ደግሞ ጋቢውን ጎተተና የባሌን እጅ ፈልጎ ሥሩ አስገባው።

ባሌ ያን የድሮ ድምፁን አወጣ፤ ስንት ዓመት ያልሰማሁትን። ድርቁ አለፈ አለ። ዝናቡ መጣ፣ ሰዉ ወደ ኤላው ተመለሰ፣ ተሰልፎ መዝፈን ጀመረ አለ። ዘመዱ ነገሩን ባያውቀውም «ኤዬ» ማለት ጀመረ። ባለ ላሙ ሰውዬ እንቁላሉን ሊሰብር ገመድ ታጥቆ ወረደ፣ «ኤዬ»፤ ድንጋይ አነሳ፣ «ኤዬ»፤ እንቁላሉ ግን ቀድሞት ተሰነጠቀ፣ ከውስጡ እግሮቿ የሚንቀጠቀጡ አንዲት ጥጃ ወጣች፣ ዳልቻ፣ ልክ እንደ እናቷ። ቤቱ ሁሉ «ኤዬ» አለ። የአባቴ ድምፅ አልነበረበትም። ፊቱ ላይ ግን ያ ገበያ ላይ የማውቀው ፈገግታ፣ አንድ ሰው በአፉ በደንብ ሲዋሽለት የሚያሳየው፣ ብቅ አለ። ጋቢው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ባሌን ግቢ ውስጥ ብቻውን አገኘሁትና «ከጋቢው ሥር ምን አልከው?» አልኩት።

«አላውቅም አልኳቸው» አለኝ። «ሲጠይቁኝ፣ እንቁላሉ ውስጥ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም አልኳቸው።»

«አባዬስ?»

እጁን ገልብጦ አየው።

«መዳፌን መቱት» አለኝ።